ሽኝት እስከ ነጭ ውኃ

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ተክለ ሃይማኖት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በስማዳ ዝግባ አፋፍ በምትባል መንደር፣ ታንጉ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዷ የቤቱ እመቤት ታንጉ ናት። ሦስቱ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ልብስ ሰፊው አቶ ቢሆነኝ፣ ነርሷ ሕሊናና የባጃጅ ሹፌሩ ፍሬው። አምስተኛው ሰው ምንተስኖት ነበር፤ እሱ ግን ግባ እየተባለ «ይቆየኝ» እያለ ደጅ ላይ ቆሟል።

ምንተስኖት አልገባም ያለው ጠግቦ አልነበረም። ከገባ ይበላል፤ ከበላ ደግሞ የመጣበትን ነገር ለመናገር አፉ ይያዛል። የዚያው መንደር ልጅ ስለሆነ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

የመጣበት ነገር እንዲህ ነው። ከዝግባ አፋፍ በታች መሬቱ በድንገት ያልቃል። የገብሱ ማሳ እስከ ጫፍ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። ጫፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች ያየ ሰው መጀመሪያ የጭላዳ መንጋ ያያል፤ ከዚያ በታች ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ የሚያንዣብብ ጥንብ አንሳ፤ ከዚያ በታች ቁልቋልና ሬት፤ ከሁሉም በታች ደግሞ የበሽሎ ወንዝ እንደ ተጣለ መቀነት ተጋድሞ ይታየዋል። ነጭ ውኃ የሚባለው ፏፏቴ ከዚሁ ገደል ወገብ ላይ ይወረወራል። ከላይ ሆኖ ድምፁን መስማት እንጂ ማየት አይቻልም። ሊያየው የፈለገ መውረድ አለበት።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሊያዩት የሚፈልጉ ሰዎች መምጣት ጀምረዋል። አንድ ሰው በስልኩ ያነሣው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ ከወገዳም ከእስቴም ከደብረ ታቦርም ቦርሳ ያዘሉ መንገደኞች ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ ይዛቸው የወረደችው ታንጉ ናት። ማንም አልሾማትም፤ መንገዱ በደጇ ስለሚያልፍ ጠየቋት፤ አሳየቻቸው። ዘንድሮ ግን የመንደሩ ወጣቶች ማኅበር አቋቁመው አረንጓዴ ሰደርያ አሰፉ፤ ቀበሌውም ከማኅበሩ አባል በቀር ማንም ሰው እንግዳ ይዞ ገደሉን እንዳይወርድ ወሰነ። አባል ለመሆን ዐሥረኛ ክፍል መጨረስና ዕድሜም ከሠላሳ አምስት በታች መሆን ያስፈልጋል። ታንጉ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ አርባ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ናት። በስብሰባው ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር «እትዬ ታንጉ አፋፉ ላይ ጠላ ይሽጡ፤ እሳቸውም ይጠቀማሉ» አለ። ሰውም ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ጠላዋ በመንደሩ የታወቀ ነው።

ታንጉ አልሳቀችም። ጠላ መሸጥ ነውር ሆኖባት አይደለም። እታች፣ ከውኃው ሥር ቆመው ቀና ሲሉ መንደሩ አይታይም። ቤቱ፣ አጥሩ፣ የሰው ወሬ ሁሉ ከላይ ይቀራል። ይህን ያወቀችው ከሠርጓ በፊት ነው። ባሏ የሞተ ጊዜም አርባው እንደ ወጣ ብቻዋን የወረደችው ወደዚያ ነበር፤ ውኃው ስለሚጮህ እሷም የፈለገችውን ያህል ጮኻ ተመለሰች። አሁን ያንን ስፍራ በስብሰባ ወስደውባታል። ዛሬ ከአፋፉ ከመለሷት ከእንግዲህ አፋፍ ላይ እንደምትቀር ገብቷታል።

እንግዶቹ እንደ ደንቡ ማኅበሩን አነጋግረው ምንተስኖት ተመድቦላቸዋል። በደጇ ሲያልፉ ግን ታንጉ «ሳትቀምሱማ አታልፉም» ብላ አስገባቻቸው። ወቅቱ ጽጌ ነውና ሽሮ፣ ትኩስ ቂጣና የተልባ ማባያ አቀረበች።

«ኧረ በቃኝ» አለች ሕሊና።

«ገደል ለሚወርድ ሰው በቃኝ የለም፤ ብዪ።»

«ለሚወጣስ?» አለ ፍሬው።

«ለሚወጣ ዳቦ አለ። ስትመለስ ትበላዋለህ፤ ከተመለስክ።»

ፍሬው ቂጣውን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ወደ ሕሊና ዞረ። «ሰማሽ? ከተመለስክ ነው ያሉት።»

አቶ ቢሆነኝ ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ በሰው ቤት እንዴት ተቀምጦ እንዴት እንደሚነሡ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ትንሿን የእግረኞች ቡድን ያሰባሰቡትም እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ታጥበው «ቤትዎ አይጉደል፤ ያበላ እጅዎ አይድከም» ብለው መርቀው ተነሡ። ታንጉም አሜን ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ከጥጉ ዱላዋን አነሣች።

«እትዬ ታንጉ፣ ወዴት ነው?» አለ ምንተስኖት ከደጅ።

«እንግዶቼን ልሸኝ።»

«እንግዶቹኮ የማኅበሩ ናቸው።»

«የማኅበሩ ከሆኑ ማኅበሩ ምን አበላቸው?»

ምንተስኖት እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ በጫማው ገፋ አደረገ። «በስብሰባው የተወሰነውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። እንግዳ ይዞ መውረድ ተከለከለ። እንግዳ መሸኘት ተከለከለ ሲባል ግን አልሰማሁም። ተከልክሏል ካልክ ነገ ቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመህ ለሰው ሁሉ ንገር።»

ይህን ሊል እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ። በዚያ አገር እንግዳን አብልቶ ሳይሸኙ ከደጃፍ መመለስ ያሳፍራል። ያበላ ሰው ይሸኛል፤ ሽኝቱን የሚያቆመውም ተሸኚው ነው። ተሸኚው «ይመለሱ» ይላል። አንዴ ሲል ወግ ነው፤ ሸኚው «ትንሽ ልሂድ» ብሎ ይቀጥላል። ሁለቴ ሲልም ወግ ነው። በማርያም ብሎ ከያዘ ግን አበቃ፤ ሸኚው ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ አንድ እርምጃ የሚያልፍ የለም።

ስለዚህ ምንተስኖት ከፊት፣ ታንጉ ከኋላ፣ እንግዶቹ በመካከል ሆነው መንገድ ጀመሩ። ገና አጥሩን እንደወጡ አቶ ቢሆነኝ ከልጅነት የለመዱት ቃል ከአፋቸው አመለጣቸው።

«በቃ እትዬ ታንጉ፣ ከዚህ ይመለሱ፤ አይድከሙ።»

ምንተስኖት ፊቱ በርቶ ዞረ። «ሰሙ?»

«ሰማሁ። እስከ አፋፉ ልድረስ» አለች ታንጉ፣ ሳትቆም።

አቶ ቢሆነኝ ምን እንዳደረጉ የገባቸው ገብሱን አጋምሰው ነው። ፍሬው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ያችን ቃል ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቧት፤ ቁልፉን እኔ እይዛለሁ» አላቸው።

አፋፉ ላይ ነፋሱ ልብስ ይገፋል። ሕሊና በደረቷ ተኝታ ወደ ታች አየችና ወደ ኋላ እየዳኸች ተነሣች። ምንተስኖት ሥራውን ያውቅበታል። የት ቀኝ እንደሚይዙ፣ የት ድንጋይ እንደሚነቀል፣ ጭላዳ ሲያዩ ምግብ ከቦርሳ እንዳያወጡ ነገራቸው። ከዚያ አቶ ቢሆነኝን ለብቻ ወሰዳቸው።

«ጋሼ፣ ነገሩን አይተውታል። እኔ ከሳቸው ጠብ የለኝም። ልጅ ሆኜ ስታመም አዝለው ወገዳ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ግን ተናገር እባላለሁ። እባክዎ አንድ ቃል ይበሉልኝ።»

አቶ ቢሆነኝ እባክዎ ሲባሉ እንቢ ማለት የማይችሉ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ ታንጉ፣ እንግዲህ እዚህ ድረስ ከሸኙን አይበቃም?»

«እስከ ሾላው» አለች ታንጉ።

ወረዱ። መንገዱ በቋጥኙና በባዶው መካከል የተሰመረ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የሰው እግር፣ አንዳንድ ቦታ የፍየል እግር ብቻ ያስተናግዳል። ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ ቀና ብለው አይተዋቸው ወደ ሣራቸው ተመለሱ። አንድ ሰስ፣ ትንሽ የገደል ሚዳቋ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ዘሎ፣ ሰው ሊቆምበት በማያስበው ጫፍ ላይ በአራቱ ሰኮናው ቆሞ ቁልቁል አያቸው። ፍሬው ስልኩን እስኪያወጣ ጠፋ።

«ድገም በለው» አለችው ሕሊና፣ ከአፋፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

ሾላው ጥላ ሥር ውኃ ጠጡ። ምንተስኖት ኮዳውን ዘግቶ ሊናገር ሲል ታንጉ ቀደመችው።

«እስከ ሙክት አያሳልፍ።»

«ማንም አልጠየቀዎትምኮ።»

«አፍህን ስትከፍት አይቼ ነው። ድካም ላድንህ ብዬ።»

ሙክት አያሳልፍ የሚባለው በገደሉ ወገብ ላይ ያለ ቀጭን ማለፊያ ነው። የሰባ በግ ሆዱ ከድንጋዩ ስለሚጋጭ አያልፍበትም ይላሉ። በቀኝ ቋጥኝ፣ በግራ ምንም ነው። ምንተስኖት ቀድሞ ተሻገረ፤ ማዶ ካለው ወይራ ላይ ገመድ አስሮ ተመለሰና ሌላውን ጫፍ ወዲህ አሰረ። ቀጥሎ የሕሊና ተራ ነበር። «ወደ ታች አትዪ፤ እጄን እዪ። ይኸው፣ ቀኝ እግርሽን። አሁን ግራውን» እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ አሻገራት። ታንጉ ከወዲህ ሆና አየችው። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው፤ እሷም ከዚህ አብልጣ አትሠራውም። ይህን ለመካድ አልዳዳትም። ፍሬው ተሻገረ፤ አቶ ቢሆነኝም ዳዊታቸውን በልባቸው እየደገሙ ተሻገሩ። በመጨረሻ ታንጉ ገመዱን ሳትይዝ፣ ዱላዋን ብብቷ ሥር አድርጋ መጣች።

«አዩ እትዬ» አለ ምንተስኖት፣ «ሁሉም በደኅና ተሻገሩ። የእርስዎ እርዳታ አላስፈለጋቸውም።»

«ማን አስፈልጋለሁ አለ?»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«እሸኛለሁ። ወደ ደብረ ታቦር ስትሄድ እናትህ እስከ አውቶቡሱ የሸኘችህ፣ አውቶቡሱ ያለ እሷ አይነሣም ብሎ ነው?»

ፍሬው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ምንተስኖትም ከንፈሩ ሊፈታ ብሎ እንደገና ጠበቀ። ከዚያ ቦታ ነጭ ውኃ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ አንድ ጊዜ ይታጠፋል፣ ከዚያ ውኃው ነው። ድምፁ ከድንጋዩ ጀርባ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ምንተስኖት ከእንግዲህ በዘወርዋራ መናገሩን ትቶ ሁሉም እየሰሙት ለአቶ ቢሆነኝ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እትዬ ታንጉ አፋፉ ድረስ መጡ፤ ዝም እላለሁ። ሾላው ድረስ መጡ፤ ዝም እላለሁ። ውኃው ድረስ ከደረሱ ግን ዝም ብል እኔም ከማኅበሩ እወጣለሁ። ሰኞ ቀበሌ ይጠራሉ። የጠላውንም ፈቃድ ይከለክሏቸዋል፤ ሊቀ መንበሩ እንደዛተ አውቃለሁ። ለሳቸው ካሰቡ አሁን በማርያም ይያዟቸው።»

አቶ ቢሆነኝ ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። የበሉት ቂጣ ገና ሆዳቸው ውስጥ ነው። ባል የሌላት ሴት ናት፤ የጠላ ቤቷም በእሳቸው ምክንያት ሊዘጋ ነው። ታንጉን ሳያዩ፣ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«እትዬ ታንጉ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ። ከዚህ ይመለሱ።»

 ታንጉ አንድ እጇን ቋጥኙ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ቋጥኙ ከውኃው ርጥበት የተነሣ ይቀዘቅዛል። የማርያምን ስም ረግጣ የምታልፍ ሴት አይደለችም፤ ይህንን ምንተስኖትም ያውቃል፣ ስለዚህም ነው ያስጠራው። ለአፍታ ያህል ጥርሷን ነክሳ ማለፊያውን ወደ ኋላ አየችው። ጠላ ይሽጡ ሲባል ሰው የሳቀው ሳቅ ጆሮዋ ላይ ሲመጣ ዱላዋን ጨበጠች።

«እሺ» አለች።

ወደ አቶ ቢሆነኝ ሄዳ እያገላበጠች ሳመቻቸው። «መንገዱን ያቅናልዎ። ቤትዎን በሰላም ያግኙ። ቤተሰብ ሰላም ይበሉልኝ» አለቻቸው፣ አገር አቋርጦ እንደሚሄድ ሰው። አቶ ቢሆነኝም ግራ ገብቷቸው አሜን አሉ። ከዚያ ታንጉ ዞር ብላ ከሕሊና ጎን ቆመች።

«ነይ ልጄ፣ እንሂድ።»

«እትዬ ታንጉ፣ የማርያም ስም ተጠርቷል» አለ ምንተስኖት።

«ተጠርቷል። ሰምቻለሁ፤ ቆሜያለሁም። ጋሼ ቢሆነኝን ሸኝቼ ጨረስኩ። ከአሁን በኋላ እሳቸው በመንገዳቸው የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ አላውቃቸውም። ይቺ ልጅ ግን በሳቸው አፍ አልበላችም። በራሷ አፍ ነው የበላች። እሷን ገና እየሸኘሁ ነው።»

 ነገሩ እውነት ነው፤ ሦስት ሰው ቢበላ ሽኝቱም የሦስት ነው፤ አንዱ ለሌላው በማርያም ብሎ አይዝለትም። ምንተስኖት ወደ ሕሊና ዞረ።

«እኅቴ፣ አንቺ በያቸው። ለሳቸው ብለሽ።»

ሕሊና የጫማዋን ጥቁርና ነጭ ክር አጥብቃ ቀና አለች።

«አልልም።»

«ቀበሌ ይጠራሉኮ።»

«እሳቸው ያውቃሉ። ያላወቁት ነገር ቢኖር እነግራቸው ነበር። አውቀው ነው የመጡት። አልልም።»

ፍሬው ምንተስኖት ሳያየው በፊት እጁን አነሣ። «እኔ ዘንድ አትምጣ። የበላሁት የሁለት ሰው ነው፤ እንዲያውም ስመለስም የምትሸኘኝ ሰው ታስፈልገኛለች።»

ሄዱ። ሕሊናና ታንጉ ጎን ለጎን፣ ፍሬው ከኋላቸው፣ ምንተስኖት ከፊት። አቶ ቢሆነኝ ብቻቸውን ቀሩ። ጥቂት ቆይተው ድምፃቸውን አሰሙ።

«ከናንተ ኋላ ብከተል ይፈቀዳል?»

«መንገድ የእግዜር ነው፤ ማንንም አይከለክልም» አለች ታንጉ፣ ሳትዞር። ምንተስኖት ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

ነጭ ውኃ እንደተለመደው ድንገት ነው የመጣው። ከላይ የሰማዩን ቁራጭ ቀዶ ይወርዳል፤ መንገዱ ላይ ካለ ድንጋይ ተጋጭቶ ይበተናል፤ ግማሹ ወደ ኩሬው ይወድቃል፣ ግማሹ ጭጋግ ሆኖ ወደ ላይ ይመለሳል። ክረምቱ ከወጣ ገና ስለሆነ ጉልበቱ አልቀነሰም። ከኩሬው ዳር እስከ ቋጥኙ ድረስ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። ፍሬው ወዲያው ሸሚዙን አውልቆ ገባና በብርዱ እያላገጠ ጮኸ፤ ምን እንዳለ ግን አልተሰማም። ሕሊና ጭጋጉ ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፍና ቆመች።

ታንጉ ነጠላዋን አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ቀና ብላ አየች። መንደሩ አይታይም።

አቶ ቢሆነኝ ረጥበው፣ አፍረው፣ ዘግየት ብለው ደረሱ። ታንጉ አየቻቸውና ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከእስቴ» አሉ አቶ ቢሆነኝ፤ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «አንድ ደግ ሴት አብልተው ሸኝተውኝ ነው።»

«ጥሩ ሴት ናቸው መሰለኝ።»

«ጥሩ ናቸው። ትንሽ አይመለሱም እንጂ።»

ምንተስኖት መጥቶ ከታንጉ አጠገብ ቆመ። ውኃው ስለሚጮህ ለመሰማት ጆሮዋ ላይ መናገር ነበረበት። «እትዬ፣ እኔ እናገራለሁ። ላልደብቅዎት ብዬ ነው።»

«ተናገር።»

«ይከፋዎት ይሆናል።»

«የሚከፋኝ አሳንሰህ ከተናገርክ ነው። አፋፉ ድረስ እንዳትል። ሾላው ድረስም እንዳትል። ነጭ ውኃ ድረስ ወረደች በል። ማን አስገደዳት ቢሉህ ማንም በል። ማን ጠራት ቢሉህም ማንም በል። እንግዶቿን ሸኘች፣ እንደገናም ትሸኛለች በል። ረስተኸው ብትቀይረው እኔ ራሴ መጥቼ አርምሃለሁ።»

ምንተስኖት ፊቱ ላይ የወረደውን ውኃ በሰደርያው እጅጌ ሊጠርግ ሞከረ፤ ሰደርያው እጅጌ የለውም። ታንጉ የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችው። ጠረገበትና መለሰላት።

ሰኞ ዕለት ታንጉ ቀበሌ ተጠራች። ምንተስኖት ነጭ ውኃ ድረስ ብሎ ተናግሮ ነበር። ሊቀ መንበሩ የጠላውን ፈቃድ ከለከላት። በተከታዩ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር የመጡ እንግዶች ቤቷ ቂጣ በሉ፤ ጠላ አልነበረም፤ ከበሉ በኋላ ሸኘቻቸው።